ሩም፣ ከርከዴና ሳጃና

ካርቱም የኖረ ነጋዴ ሁሉ ሳጃናን ያውቃል። ብረት፣ ቀለም፣ ቧንቧ የፈለገ ሰው የሚሄደው እዚያ ነበር። ስሙ በዓረብኛ «የእስር ቤት ጠባቂዎች» ማለት ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ መጠጥ ነው፤ ስሙን ለምን እንዳነሳነው ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ።

በቅርቡ አዲስ አበባ መጠጥ ቤት የከፈቱ ልጆቻችን ከርከዴ ሲያዙን «ከየትኛው ሩም ጋር ይስማማል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ታሪክ አለው።

ሩም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ሲወጣ ከሚቀረው ጥቁር ሞላሰስ ይጠመቃል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባርቤዶስን በመሳሰሉ የካሪቢያን ደሴቶች፣ በባርነት በተወሰዱ አፍሪካውያን ጉልበት ተስፋፋ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ደሴት የራሱን ዓይነት አወጣ። ኩባ ቀላልና ነጭ ሩም፣ ጃማይካ ሽታው የከበደ ሩም ሠሩ፤ ማርቲኒክ ደግሞ ከሞላሰስ ሳይሆን ከራሱ ከአገዳው ጭማቂ አወጣች። ቅልቅሎቹም ይህንኑ ተከተሉ። ዳይኪሪ ሎሚና ስኳር ብቻ ስላለው ነጭ ሩም ይበቃዋል። በ1944 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ማይ ታይን ፈጠርኩ ያለው ቪክተር በርጀሮን ግን 17 ዓመት የቆየ የጃማይካ ሩም መረጠ። ሕጉ አጭር ነው፦ ፍሬው እንዲሰማ ከፈለጉ ቀላሉን፣ መጠጡ ራሱ እንዲሰማ ከፈለጉ ከባዱን።

ካርቱምም አንድ ጊዜ ጠርሙስ እያማረጠ ይጠጣ ነበር። ቢራ እዚያው ይጠመቅ ነበር። ሱዳን ሞላሰስም አጥታ አታውቅም፤ ከናና ከዓለም ትልልቅ የስኳር ፋብሪካዎች አንዱ ነበር። በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. ግን ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ አወጁ፤ መጠጡም ዓባይ ውስጥ ተደፋ። በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ ለጠጣ ሙስሊም 40 ጅራፍ ደነገገ፤ መሸጥንም ወንጀል አደረገ።

መጠጡ አልጠፋም፤ ወደ ጓሮ ገባ። የተምር አረቄና የማሽላ መሪሳ በድብቅ ይሠራ ነበር። ሥራው የድሃ ሴቶች ነበር፤ ከደቡብ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር የመጡ ሱዳናውያን እናቶች፣ ከእነሱም ጋር ከደርግ ዘመን ጀምሮ የተሰደዱ የእኛ እህቶች። በአገራቸው አረቄ ማውጣት የባልትና ሙያ ነበር፤ ድንበሩን ሲሻገሩ ወንጀል ሆነ። ልጅ ያሳደጉበት ጀሪካን እስር ቤት አስገባቸው። የሳጃናን ስም ስንጠራ እነሱን የምናስታውሰው ለዚህ ነው።

ሌሎቻችን በአደባባይ የሚሸጠውን መረጥን፤ ከርከዴ፣ ዓረዴብ (ሮቃ)፣ የባኦባብ ፍሬ የሆነው ጎንጎሌስ፣ በረመዳን ደግሞ ከማሽላ ብቅል የሚጋገረው ሑሉ ሙር። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ከርከዴን በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍን አስተማሩን፤ ሲፈላ ይመራል፣ ሲዘፈዘፍ ኮምጠጥ ብሎ ይጣፍጣል። ያለ አልኮል የሚያረካ መጠጥ ማዘጋጀትን የተማርነው ከእነሱ ነው።

በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጣት ተፈቀደ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ፈነዳ። ካርቱም ተበተነች፤ እኛም በመተማ በኩልና በሌላውም መንገድ ተሰደድን።

ስለዚህ ልጆቻችን፣ ምክራችን ይኸው ነው። ለከርከዴ ነጭ ሩም ውሰዱ፤ ቀለሙንም ኮምጣጣነቱንም አይሸፍንበትም። ለማንጎ ወርቃማው ይሁን። ለሮቃና ለዝንጅብል ጥቁሩን አትፍሩ፤ ጣዕማቸው ይችለዋል። ለማይጠጣ እንግዳም ያለ ሩም የተዘፈዘፈውን አቅርቡ፤ ምንም አይጎድልበትም።

እናንተ ጠርሙሱን በመብራት ፊት እያያችሁ ትመርጣላችሁ። እህቶቻችን ግን በጨለማ አንድ ጀሪካን ብቻ ነበራቸው። የሩም ዓይነት ስትመርጡ እነሱንም አስቧቸው።