መሬትና ልሳን
በዳሪሙና በመቱ አካባቢ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ኦሮሞ ሕዝብ እርቅ

ዳሪሙ በቡናው በሚታወቀው በኢሉባቦር ውስጥ፣ ከመቱ በስተ ሰሜን የሚገኝ ወረዳ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ራስ ተሰማ ናደው አገሩን ለዳግማዊ ምኒልክ አስገብተው ጎሬን መቀመጫቸው ባደረጉ ጊዜ ታቦቱ ከጦሩ ጋር ገባ። ይህን ማለታችን ካህናቱን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን ገበሬው ወንጌልንና ግብርን ባንድነት ሲመጡ ስላየ፣ ሁለቱን ለይቶ እንዲመለከት መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው መሬትም ቀድሞ ባለቤት ያለው መሬት ነበር።

ከመሬቱ ሌላ የልሳን ነገር አለ። ቅዳሴው በግዕዝ፣ ትምህርቱ በአማርኛ ነበር። «ግዕዙንማ የመንዝ ገበሬም አይሰማውም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የመንዙን ገበሬ ንስሓ አባቱ በገዛ ቋንቋው ያነጋግረዋል፤ የዳሪሙው ግን ካህኑ ኦሮምኛ ካልቻለ ኃጢአቱን ለመናዘዝ እንኳ አስተርጓሚ ያሻዋል።

የሚያስደንቀው፣ ለዚህ ችግር መፍትሔ ያቀረበው የዚያው አገር ልጅ መሆኑ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ በቀድሞ ስሙ ሂካ አዋጂ፣ ከመቱ ብዙም በማይርቀው በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። በሕፃንነቱ ለባርነት ተሸጠ፤ በምጽዋ ነፃ ወጥቶ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ። እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖም በትርጉሙ ሥራ ረዳችው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ሐዲስ ኪዳን፣ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ፤ ፊደሉም የግዕዝ ፊደል ነበር። በ1904 ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምት በኦሮምኛ ማስተማር ሲጀምር ግን ካህናት ከሰሱት፤ በ1906 አቡነ ማቴዎስ እንዲሰደድ ፈረዱበት። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው በነቀምት እንዲኖር ፈቀዱለት፤ መስበክ ግን ተከለከለ። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅዱለት ድረስ በዚሁ ቆየ። ክሱ የሃይማኖት ነበር፤ ኦኔሲሞስ ሉተራዊ ነበርና ቤተ ክርስቲያን መቃወሟ አይደንቅም። እንደ እኛ አስተያየት ጉዳቱ ከሰውየው ጋር መንገዱንም መግፋቷ ነው። በ1936 ዓ.ም. መንግሥት ስለ ሚሲዮኖች ያወጣው ድንጋጌም የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ።

የመሬቱ ነገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ አበቃ። ቤተ ክርስቲያን መሬቱን አልመለሰችም፤ ተወሰደባት። ስለዚህ ገበሬው መሬቱን ቢያገኝም በመካከላቸው የእርቅ ቃል አልተነገረም። ልሳን ግን በቤተ ክርስቲያን እጅ ቀረ።

ጥያቄው በ2015 ዓ.ም. ፈነዳ። ጥር 14 ቀን አቡነ ሳዊሮስ፣ አቡነ ኤዎስጣቴዎስና አቡነ ዜና ማርቆስ ሕዝቡ በቋንቋው አልተገለገለም በማለት፣ ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ በወሊሶ 26 መነኮሳትን ኤጲስ ቆጶሳት አድርገው ሾሙ። ቅዱስ ሲኖዶስ አወገዛቸው፤ በሻሸመኔም የሰው ሕይወት ጠፋ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ሲደረግ ሦስቱ ሊቃነ ጳጳሳት ወደ ቦታቸው እንዲመለሱና በኦሮምኛ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከር ተወሰነ። ሐምሌ 9 ቀንም ሲኖዶሱ ራሱ ለኦሮሚያና ለደቡብ አህጉረ ስብከት 9 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ።

ይህ እርምጃ ታላቅ ነው፤ ሆኖም በኦሮሞ ልማድ ሲመዘን ጉድለት አለበት። በኦሮምኛ እርቅ «አራራ»፣ የሽማግሌዎቹ ሥራም «ጃርሱማ» ይባላል፤ በዚያም በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ቀርበው በደሉ በስሙ ይነገራል። የየካቲቱ ስምምነት ግን በጳጳሳት መካከል የተደረገ ነው፤ የዳሪሙ ገበሬ በጉባኤው አልተቀመጠም፤ ስለ ጥንቱ መሬትም የሚነገር ነገር አልነበረም።

ከዚህ በተረፈ አንድ የሚያስቸግር የሥራ ጉዳይ አለ። የኦኔሲሞስ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ነው፤ ካህኑም በዚሁ ፊደል ያደገ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዳሪሙ ልጆች ኦሮምኛን በትምህርት ቤት የሚማሩት በላቲን ፊደል በተሠራው በቁቤ ነው። ለአገልግሎቱ የሚዘጋጀው መጽሐፍ በአንዱ ፊደል ቢታተም መምህሩ ያነበዋል፤ በሌላው ቢታተም ተማሪው።