ቀን ባለ እጅ፣ ሌሊት ጅብ

ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ቦርከና ሸለቆ የወረደ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው መንገድና ፋብሪካ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውራ ጎዳና እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ደሴና ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ሌላው በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላና ወደ ዓሰብ አቅጣጫ ይወርዳል። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለከተማዋ የኢንዱስትሪ ከተማ የሚል ስም አሰጥተዋታል። ይኸውም በሌላ አነጋገር ኮምቦልቻ ሸማኔውና ቀጥቃጩ በእጃቸው ይሠሩት የነበረው ሥራ በመኪና ኃይል የሚሠራባት ከተማ ሆናለች ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እነዚህ ሁለት ሙያዎች በአገራችን ታሪክ እጅግ የተሰደቡ ሙያዎች ነበሩ። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ተባለ። ብረት ቀጥቃጩ የደረሰበት ግን ከስድብም ያለፈ ነው። እርሱ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ነው ተባለ።

በዘመናችን በምዕራቡ ዓለም እጅግ ከሚነበቡት የልብ ወለድ ዓይነቶች አንዱ፣ ሰዎች በከተማ ውስጥ ከመልከ ለዋጮችና ከደም መጣጮች ጋር ተጎራብተው ሲኖሩ የሚያሳየው ነው። አሜሪካዊቱ ደራሲ ሻርሌን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ፣ በፋብሪካ የሚሠራ ደም በመገኘቱ ምክንያት ደም መጣጮች ከተደበቁበት ወጥተው እንደ ማንኛውም ዜጋ ለመኖር ይሞክራሉ። ለአንባቢው ይህ ጥሩ መዝናኛ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ገበሬ ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲህ ያለ ጉርብትና እየኖርሁ ነው ብሎ ያምን ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ታሪኩ ልብ ወለድ አልነበረም፤ በታሪኩ ውስጥ ያለው «ጅብም» ስም፣ ቤትና ልጆች ያሉት ሰው ነበር።

የቡዳ እምነት ዝርዝር በአጭሩ ሲታይ የሚከተለው ነው። ቡዳ በዓይኑ ይበላል። የተበላው ሰው ይከሳል፣ ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፤ በመጨረሻም የበላውን ሰው ስም ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ እናት ልጇን ከዓይን ትሸፍናለች፤ የሚበላ ሰው ገበታውን ይከልላል፤ በአንገት ክታብ ይታሰራል፤ ጤና አዳም በእጅ ይያዛል። ሌሊት ሲሆን ቡዳው ጅብ ሆኖ ይወጣል። የሞተውንም ሰው ከመቃብር አውጥቶ በባርነት ያሠራዋል ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው መጽሐፉ፣ ባለ እጆች በጆሯቸው የሚያደርጉት ዓይነት ጉትቻ በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ መገኘቱን የሚናገረውን ወሬ አስፍሯል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ማንስፊልድ ፓርኪንስም ተመሳሳይ ታሪኮችን እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ በሰፊው ተርኳል። በመንዝ ስለዚሁ እምነት ያጠናው አሜሪካዊው ሮናልድ ሬምኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ጽሑፍ እንደሚያመለክተው ደግሞ፣ ከፒርስ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በኋላም እምነቱ ሥሩ አልተነቀለም ነበር።

ለምን ጅብ ተመረጠ? ጅብ በመንደር ዳር ይኖራል፤ በጨለማ ይመጣል፤ መቃብር ይምሳል፤ ድምፁ አንዳንዴ የሰው ሳቅ ይመስላል። ባለ እጁም በመንደሩ ዳር ይኖራል፤ ሥራው ከእሳትና ከጭስ ጋር ነው፤ ድንጋይ የመሰለውን ነገር አቅልጦ ስለት ያወጣል። ሁለቱም ዳር ናቸውና የገበሬው ምናብ አንድ አደረጋቸው። ነገር ግን ጅብ በራሱ የግድ የክፋት ምልክት አይደለም። የሐረር ሰው ጅብን ይመግባል፤ በጀጎል ግንብ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተበጅቶለታል፤ ጅብ ወደ ከተማይቱ ገብቶ ጅንን ይበላል ተብሎም ይታመናል። እንግዲያስ ጅቡን ክፉ ያደረገው የጅቡ ተፈጥሮ አይደለም፤ በጅቡ አምሳል እንዲታይ የተፈለገው ሰው በኅብረተሰቡ ውስጥ የነበረው ቦታ ነው።

ያ ቦታ ምን ነበር? የባላባቱ ሥርዓት የቆመው በመሬት ላይ ነው። ርስት ያለው ሰው ነው፤ ዘሩ ይቆጠራል፤ በሸንጎ ቃሉ ይሰማል። በብዙ ስፍራ ባለ እጁ ርስት አልነበረውም። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ነገሡት ስለ ዐፄ ይስሐቅ የሚነገረው ትውፊት ይህን በግልጽ ያሳያል። ንጉሡ ቤተ እስራኤላውያንን ከወጉ በኋላ፣ የክርስትናን ጥምቀት የተቀበለ የአባቱን መሬት ይውረስ፣ ያልተቀበለ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው እንደ ፈረዱ ይተረካል። መሬት የሌለው ሰው የሚቀረው እጁ ነውና ብዙዎች ብረት ወደ መቀጥቀጥና ሸክላ ወደ መሥራት አዘነበሉ። የቡዳነትም ስም ተከተላቸው። ስሙ ግን በእነርሱ ላይ ብቻ አልተወሰነም። ክርስቲያን ቀጥቃጭም፣ ሙስሊም ቀጥቃጭም በየአካባቢው በዚሁ ስም ተጠርቷል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በደስታም በሐዘንም አብረው የሚውሉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ይህን አንድ ፍርሃትም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ተካፍለውታል።

የነገሩ ምፀት ከዚህ ይጀምራል። ገበሬው ያለ ባለ እጁ አንድ ቀን ማደር አይችልም ነበር። ሞፈርና ቀንበሩን ከዱር ቆርጦ ራሱ ይጠርበዋል፤ ማረሻውንና ወገሉን ግን ከወናፉ አፍ መቀበል አለበት። ማጭዱ፣ ምሳሩ፣ ዶማው ከዚያው ይመጣሉ። እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ ሲቦካ ደግሞ የሚጋገርበት ምጣድ የባለ እጁ ሚስት የሠራችው ነው። ስለዚህ ገበሬው የሚፈራው ሰው እጅ ያልነካው አንዲት ቁራሽ እንጀራ አልበላም። ይበላኛል ያለው ሰው ያበላው ነበር። የጅቡም ተረት ያገለገለው ይህን ዕዳ ለመሸፈን ነው። የሚያስፈልገውን ሰው ሳይጋባው፣ ማዕዱን ሳያካፍለው፣ ርስት ሳይሰጠው፣ ሥራውን ብቻ እየተቀበለ እንዲኖር ፈቀደለት። ተረቱ ያልተጻፈ ሕግ ነበር።

ይህን ሕግ ለመስበር ነገሥታቱ በየፊናቸው ሞክረዋል። በእናታቸው ምክንያት የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብለው የተሰደቡት ዐፄ ቴዎድሮስ የአገር ኅልውና በብረት ላይ የቆመ መሆኑን ቀድመው ተረድተዋል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መንደር የብረት ሥራ አቋቁመው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስቀለጡ፤ ተራራ እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወሎ ውስጥ መቅደላ አምባ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በዚያው ራሳቸውን ሰው፤ መድፉም በዚያው ቀረ። ነገር ግን ከዚያ ሥራ ጋር ስማቸው በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው እንደ ዋልድማየር ያሉ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ወናፍ የነፋው፣ ከሰል የተሸከመው፣ ብረት የቀጠቀጠው የአገር ልጅ ስሙ አልቀረም።

ከዚያ 40 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክ ነገሩን በአዋጅ ተያያዙት። አዋጁ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከለከለ። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈውም ጠንቋይ እየተባለ መሰደቡን በዝርዝር አንሥቶ፣ ከእንግዲህ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርና የአንድ ዓመት እስራት እንደሚፈረድበት አስታወቀ። ብዕርና መዶሻ በአንድ አዋጅ መጠቀሳቸው ደራሲያን ሊዘነጉት የማይገባ ነገር ነው። ቀጥቃጩን ጅብ ያለው አንደበት ጸሐፊውንም ጠንቋይ ብሎታል።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በኮሎኝ አካባቢ ፔተር ሽቱምፕ የተባለ ሰው ተኩላ እየሆነ ሰው ይበላል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1589 በአሰቃቂ ሁኔታ ተገድሏል። በ18ኛው መቶ ዓመት በሰርቢያ መንደሮች ሙታን እየተነሡ ደም ይመጣሉ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1725ና በ1732 መቃብር እየተማሰ አስከሬን በእንጨት ተወግቷል፣ ተቃጥሏል። በመጨረሻም ንግሥት ማሪያ ቴሬዚያ የሐኪሟን የቫን ስዊተንን ምክር ተቀብላ እ.ኤ.አ. በ1755 ይህን ድርጊት በአዋጅ ከለከለች። እንግሊዛዊው ሐኪም ፖሊዶሪ ስለ ደም መጣጭ የጻፈው ታሪክ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1819 ነው፤ አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን ያሳተመው ደግሞ ዓድዋ ድል በሆነ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ አዋጁ ቀደመ፣ ልብ ወለዱ ተከተለ። ተረቱ በሰው ላይ የነበረውን ሥልጣን እያጣ ሲሄድ ለደራሲው ነጻ ሆነ። ዛሬ ድራኩላን ያነበበ ሰው ተነሥቶ የጎረቤቱን መቃብር አይምስም።

የእኛ አዋጅ ግን ብቻውን አልበቃም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ለስድቡ መሠረት የሆነውን የመሬት ሥሪት አልነካም። ያ ሥሪት የተናደው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ነው። በራሱ ጉልበት ማረስ የሚፈልግ ሁሉ መሬት ሊያገኝ ይችላል ሲባል፣ ባለ እጁን ከመንደሩ ዳር ያቆመው ሕግ ቢያንስ በወረቀት ላይ ፈረሰ። ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ግን በአገራቸው ብዙም ሳይቆዩ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ሐጋር ሰላሞን የተባለችው ተመራማሪ እነርሱን በዚያው በእስራኤል አነጋግራ በኢትዮጵያ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ስለ ነበራቸው ኑሮ የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው መጽሐፍ «የጅብ ሰዎች» የሚል ስም ይዟል። ሰዎቹ ባሕር ተሻግረዋል፤ የተሰጣቸው ስም ግን አብሯቸው ተሻግሮ የመጽሐፍ ርእስ ሆነ።

ስለዚህ አንድ ወጣት ደራሲ ነገ ተነሥቶ፣ በኮምቦልቻ ጎዳና ላይ ሰዎችና ጅብ የሚሆኑ ሰዎች ተጎራብተው የሚኖሩበት ልብ ወለድ ልጻፍ ቢል፣ ማንም ሊከለክለው አይገባም፤ ለምናቡ የሚሆን ሀብት ከአውሮፓ መበደር አያሻውም፤ በደጁ ሞልቶለታል። ነገር ግን ብራም ስቶከር ያልነበረበት ዕዳ በእርሱ ላይ አለበት። የእኛ ጅብ ገና ሙሉ በሙሉ ወደ መጽሐፍ አልገባም። ዛሬም በየሰፈሩ ቡዳ የሚለው ቃል ጋብቻ ያፈርሳል፤ ዛሬም ባለ ሙያን ያሸማቅቃል። ደራሲው ጅቡን ከባለ እጁ ትከሻ ላይ ሳያወርድ ቢጽፍ፣ አሮጌውን ስድብ በአዲስ ልብስ ማውጣቱ ነው። አውርዶ ቢጽፍ ግን፣ ጅብ የተባለውን ሰው አንደበት ሰጥቶ ሌሊቱን ከእርሱ ወገን ሆኖ ቢያሳየን፣ አዋጅ ያልጨረሰውን ሥራ ድርሰት ጨረሰው ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ኮምቦልቻ ለእንዲህ ያለ ድርሰት የምትገባ ከተማ ናት። የፈረቃው ሰዓት ደርሶ የፋብሪካ በር ሲከፈት የገበሬው ልጅና የቀጥቃጩ ልጅ በአንድ በር ይወጣሉ፤ ደመወዛቸውን ከአንድ መዝገብ ላይ ፈርመው ይቀበላሉ። ምሽት ነው፤ ከሸለቆው ማዶ ጅብ ይጮኻል። ሁለቱም ይሰሙታል፤ ሁለቱም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።