ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ የተጠየቁበት ሕዝበ ውሳኔ
የኖርዌይና የዴንማርክ የኅብረት ሥራ አባላት በአውሮፓ የጋራ ገበያ ፊት

አነስተኛ ሕዝብ ያላት አገር ወደ ትልቅ የኢኮኖሚ ኅብረት ልግባ ወይስ ልቅር ብላ ስትመክር፣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በሚኒስትሮችና በትላልቅ ነጋዴዎች ነው። የስምምነቱ ውጤት ግን ፈጥኖ የሚታየው በወተት፣ በእህልና በዓሣ ዋጋ ላይ ነው። ከዚህ አኳያ የኖርዌይና የዴንማርክ ታሪክ ለኅብረት ሥራ አባላት ብዙ ትምህርት ይሰጣል። የሁለቱም አገሮች ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ጠንክረው የተደራጁ ነበሩ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሳምንት ልዩነት ተጠይቀው የሰጡት መልስ ተቃራኒ ነበር። ለምን? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥያቄው አመጣጥ

የአውሮፓ የጋራ ገበያ በ1957 በሮም ከተማ በተፈረመ ውል በስድስት አገሮች የተመሠረተ ነው። እንግሊዝ ለመግባት በጠየቀች ጊዜ ዴንማርክ፣ አየርላንድና ኖርዌይም አመለከቱ። ይሁንና የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል በ1963 እና በ1967 የእንግሊዝን መግባት ስለተቃወሙ ነገሩ ተጓተተ። ድርድሩ በ1970 እንደገና ተከፍቶ አራቱ አገሮች በጥር 1972 ውሉን ፈረሙ። የቀረው ሕዝቡን መጠየቅ ነበር።

የዴንማርክ ገበሬ ስሌት

በዴንማርክ የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ የወተት ማቀነባበሪያ የተቋቋመው በ1882 ሄዲንግ በተባለች መንደር ነው። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ1,000 በላይ ሆነ። የአሠራር ደንባቸውም አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚል ነበር፤ ብዙ ላሞች ያሉትም ጥቂት ያሉትም በጉባኤ እኩል ይመርጡ ነበር። በዚህ መልክ የተመረተው ቅቤና የአሳማ ሥጋ በአብዛኛው የሚላከው ወደ እንግሊዝ ነበር።

በመሆኑም እንግሊዝ ወደ ጋራ ገበያው ከገባችና ዴንማርክ ከውጭ ከቀረች፣ ገበሬው በዋናው ደንበኛው በር ላይ ቀረጥ ይጠብቀዋል። ከገባች ግን ምርቱ ያለ ቀረጥ ይሸጣል፣ የጋራ ገበያው የሚያስከብረው ከፍ ያለ ዋጋም ይደርሰዋል። የገበሬው ድርጅቶች ይህን አስልተው አባላቸው "ይሁን" እንዲል መከሩ። ጥቅምት 2 ቀን 1972 ከመራጩ 63 በመቶ ያህሉ ድጋፉን ሰጠ።

የኖርዌይ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ስሌት

በአንፃሩ ኖርዌይ ተራራማና ቀዝቃዛ አገር ናት። ለእርሻ የሚውለው መሬት ከጠቅላላው ሦስት በመቶ ያህል ብቻ ነው። እርሻው ትናንሽና የተበታተነ፣ የማምረቻ ወጪውም ከፍተኛ በመሆኑ፣ ገበሬው ምርቱን ወደ ውጭ ልኮ ሳይሆን ለገዛ አገሩ ገበያ ሸጦ የሚኖር ነበር። በ1930 የወጣው የግብይት ሕግ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ገበያውን እንዲያረጋጉ ረድቷል። ከ1950 ወዲህ ደግሞ የገበሬው ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር ተቀምጠው ስለ ዋጋና ስለ ድጎማ የሚደራደሩበት ሥርዓት ተመሥርቷል። በጋራ ገበያው የሚሠራበት ዋጋ ከኖርዌይ ዋጋ ያነሰ ስለነበር፣ መግባት ማለት ለገበሬው የገቢ መቀነስ ማለት ነበር።

የዓሣ አጥማጁም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1930ዎቹ ዓሣ አጥማጁ ዋጋ የሚቆርጡለት ነጋዴዎች ስለነበሩ በድህነት ይማቅቅ ነበር። በ1938 የወጣው ሕግ ከባሕር የወጣ ዓሣ በመጀመሪያ የሚሸጠው በአጥማጆቹ በራሳቸው የሽያጭ ድርጅት በኩል ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ዝቅተኛውን ዋጋ የመወሰን መብትም ለዚሁ ድርጅት ሰጠ። ስድስቱ የጋራ ገበያ አባላት ግን በሰኔ 1970፣ ከአዳዲሶቹ አመልካቾች ጋር ድርድር በሚከፈትበት ዋዜማ፣ የአንዱ አባል አገር ባሕር ለሌሎቹም አጥማጆች ክፍት ይሆናል የሚል መርህ አጸደቁ። ከኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ነዋሪ ብዙው ይህን እንደ ዝርፊያ ቆጠረው። የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ክኑት ሁም የተገኘው ስምምነት በቂ አይደለም ብለው በ1972 መጀመሪያ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

በሌላ በኩል ጠቅላይ ሚኒስትር ትሪግቬ ብራተሊ፣ የፓርላማው አብዛኛው አባል፣ የኢንዱስትሪ ባለቤቶችና አብዛኞቹ ትላልቅ ጋዜጦች የመግባት ደጋፊዎች ነበሩ። የእነሱም ክርክር ተራ አልነበረም፤ ፋብሪካው ሰፊ ገበያ ይፈልጋል፣ ትንሽ አገር ውሳኔ ከሚሰጥበት ጠረጴዛ ውጭ መቅረት የለባትም ይሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግን በየመንደሩ እየዞሩ ሒሳቡን ለአባሎቻቸው አስረዱ። ከተማሪዎች፣ ከምሁራንና ከሠራተኞች ብዙዎች አብረዋቸው ቆሙ። ሌላም ስሜት ነበር። ኖርዌይ እስከ 1814 ከዴንማርክ ጋር፣ ከዚያም እስከ 1905 ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ስለኖረች፣ "ኅብረት" የሚለው ቃል ለብዙ ሰው ያለፈውን የበታችነት ዘመን ያስታውሰው ነበር።

መስከረም 25 ቀን 1972 ድምፁ ሲያበቃ 53.5 በመቶው "አይሆንም" አለ። መንግሥቱም አስቀድሞ እንደተናገረው ሥልጣኑን ለቀቀ።

ሁለተኛው ጥያቄ

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ጥያቄው እንደገና መጣ። በ1994 ኦስትሪያ፣ ፊንላንድና ስዊድን በየተራ ለአውሮፓ ኅብረት "እሺ" አሉ። ኖርዌይ የመጨረሻዋ ስትሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድም የጎረቤቶቹ ውሳኔ ሕዝባቸውን ይስባል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ከመራጩ 89 በመቶ ያህሉ ወጥቶ 52.2 በመቶው አሁንም "አይሆንም" አለ። ዋና ከተማዋ ኦስሎ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስትደግፍ፣ በሰሜን ጫፍ የሚገኘው ፊንማርክ ደግሞ ወደ ሦስት አራተኛ በሚጠጋ ድምፅ ተቃወመ። የአንድ አገር ሕዝብ አስተያየት እንደየኑሮው የሚለያይ መሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

ያልተጠበቀው ውጤት

የሁለቱንም ምርጫ ዋጋ መመርመር ተገቢ ነው። ኖርዌይ ከ1994 መጀመሪያ አንስቶ የአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና አባል ናት። በዚህ ስምምነት የኅብረቱ የጋራ የእርሻና የዓሣ ፖሊሲ አይነካትም። ነገር ግን የገበያውን ደንቦች ትቀበላለች፣ ገንዘብም ታዋጣለች፣ ደንቦቹ ሲጸድቁ ግን ድምፅ የላትም። የዓሣ ነገርም እንዲሁ ነው። ወደ ኅብረቱ የሚገባው ትኩስ ሳልሞን የተጣለበት ቀረጥ 2 በመቶ ሲሆን፣ በጭስ የተዘጋጀው ግን 13 በመቶ ነው። በዚህም ምክንያት ከዝግጅቱ ሥራ ብዙው ወደ ዴንማርክና ወደ ፖላንድ ሄዷል። ከውጭ መቅረትም ትንሹን ገበሬ ሙሉ በሙሉ አላዳነም፤ በ1969 ከ150,000 በላይ የነበሩት እርሻዎች ዛሬ ከ40,000 በታች ናቸው።

በዴንማርክ በኩል ደግሞ ገበሬው ገበያውን አገኘ፤ የየመንደሩ ወተት ማቀነባበሪያዎች ግን እየተዋሃዱ ጠፉ። በ2000 የዴንማርክና የስዊድን ማኅበራት ተዋህደው በወተት አምራች ገበሬዎች ባለቤትነት የሚተዳደረውን አርላን መሠረቱ። በተጨማሪም በዴንማርክ ሥር የነበረችው ግሪንላንድ በ1972 "አይሆንም" ብትልም ሳትወድ ገብታ ነበር። በ1979 የራስ አስተዳደር አግኝታ፣ በ1982 እንደገና ድምፅ ሰጥታ በ1985 ወጣች። ዋናው ምክንያቷም ዓሣዋ ነበር።

ከታሪኩ ምን እንማራለን?

ከዚህ ታሪክ "መግባት ጥሩ ነው" ወይም "መቅረት ጥሩ ነው" የሚል አጠቃላይ ትምህርት አይወጣም። የዴንማርኩም የኖርዌዩም ገበሬ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዱ ሻጭ ወደ ውጭ፣ ሌላው ሻጭ ወደ ውስጥ ነበርና። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ። ማኅበሮቻቸው ወጪና ገቢያቸውን ያውቁ ነበር፤ ያወቁትንም በየጉባኤው ለአባሉ አስረዱ፤ አባሉም አምኖ ተናገረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የተበታተነ ገበሬ ሊያሰማው የማይችለውን ድምፅ የተደራጀው አሰምቷል።

አገራችንም የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናን ስምምነት በ2019 አጽድቃለች። የትኛው ምርታችን ወደ ውጭ ይወጣል? የትኛውስ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ይፈተናል? ለዚህ መልስ የሚገኘው በማኅበራት መዝገብ ውስጥ ነው። ስለሆነም የሥራ አመራር ኮሚቴዎች መዝገቡን አስተካክለው ቢይዙ፣ የአካባቢ ባለሥልጣናትም ከውሳኔ በፊት አባሉን ቢጠይቁ፣ ነገ የሚመጣው ገበያ ባለቤቱን ሳያውቀው አይደርስበትም።