ከሸክላው በላይ የከበደው

ከትራፕ ወደ ስኪት የተሻገረ ጀማሪ ተኳሽ መጀመሪያ የሚሰበረው ሸክላው ሳይሆን ቅስሙ ነው። በትራፕ ሸክላዋ ከፊቱ ተነስታ እየራቀችው ትሄዳለች። በስኪት ግን አንዷ ከግራ፣ ሌላዋ ከቀኝ ተወርውራ ፊቱን አቋርጣ ታልፋለች፤ አንዳንዴም ሁለቱም በአንዴ። ባየበት ቦታ ከተኮሰ እሷ አልፋለች። ያለችበትን ሳይሆን የምትደርስበትን መተኮስ አለበት።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ጣጣ ማን አመጣው? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሸክላው የርግብ ምትክ ነው። በ1900 በፓሪስ ኦሊምፒክ እንኳ የተተኮሰው በሕይወት ባሉ ርግቦች ላይ ነበር። የሸክላ ዒላማውን የሲንሲናቲው ጆርጅ ሊጎውስኪ በ1880 ፈጥሮት ስለነበር ርግቦቹ ቀስ በቀስ ተገላገሉ። የወፍ አዳኞች ግን ትራፕ አላረካቸውም። የዱር ወፍ ሁልጊዜ ከፊት ተነስታ ቀጥ ብላ አትበርማ! በ1920 ገደማ የማሳቹሴትሱ ቻርልስ ዴቪስ መሬት ላይ እንደ ሰዓት ክብ ሠራና እየዞረ ከየአቅጣጫው መተኮስ ጀመረ። ቆይቶ ጎረቤት የዶሮ እርባታ ከፈተ። ወደ ዶሮዎቹ መተኮስ አይቻልም፤ ስለዚህ ክቡ ተገመሰና ሁለተኛ መወርወሪያ ተጨመረ። የዛሬው ስኪት ግማሽ ክብ የሆነው በዶሮ ምክንያት ነው ማለት ነው። ስሙም በ1926 በመጽሔት ውድድር፣ በ100 ዶላር ሽልማት ተገኘ።

በ1968 ኦሊምፒክ ሲገባ ጉዳዩ ይበልጥ ከበደ። በኦሊምፒኩ ሕግ ተኳሹ ሰደፉን ወገቡ አጠገብ ይዞ ይጠብቃል። ሸክላዋን ከጠራ በኋላ ወዲያው ልትወረወር ትችላለች፤ እስከ 3 ሰከንድም ልትዘገይ ትችላለች። ሳትታይ ጠመንጃ ማንሳት ክልክል ነው።

ይህ ክብደት ግን አንድ ደግነት ነበረው፤ ለሁሉም እኩል ነበር። ወንድና ሴት በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ውጤት ይወዳደሩ ነበር። በ1992 ባርሴሎና ላይ የ24 ዓመቷ ቻይናዊት ዣንግ ሻን በማጣሪያው 200 ከ200 መታች። በፍጻሜው 23 ጨምራ በ223 ወርቁን ወሰደች። የፔሩው ሁዋን ጊሃና የጣሊያኑ ብሩኖ ሮሴቲ በ222 ተከተሏት። ሁለቱ ወንዶች ሽልማቱ መድረክ ላይ አንስተው ከፍ አደረጓት።

ከዚያስ? በ1996 አትላንታ ላይ ስኪት የወንዶች ብቻ ሆነ። ለሴቶች የተዘጋጀ ስኪት ደግሞ አልነበረም። የዓለም አሸናፊዋ ወርቋን ይዛ የምትገባበት በር አጣች። በ2000 ሲድኒ ላይ የሴቶች ስኪት ሲጀመር የማጣሪያው ሸክላ ለወንዶች 125፣ ለሴቶች 75 ሆነ። እስቲ አስቡት፤ 200ውን ሳትስት ለመታች ሴት 75 ይበቃሻል ማለት ምን ማለት ነው?

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ሁለቱን ክብደቶች መለየትን ነው። የሸክላው ፍጥነት፣ የወገቡ ሰደፍ፣ ያ 3 ሰከንድ ሰውን ያሠለጥናሉ። ዛሬ የሳተ ጀማሪ ነገ ሊመታቸው ይችላል። የተዘጋ በር ግን የትኛውም ልምምድ አይከፍተውም። «ችሎታ ያለው ያልፋል» የሚሉን ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የሚያወሩት። ዣንግ ሻን የመጀመሪያውን አሸነፈች፤ ሁለተኛው ግን የዒላማ ጉዳይ አልነበረም።

የሴቶቹ ሸክላ 125 የሆነው በ2018 ነው። በ2024 ደግሞ በፓሪስ ኦሊምፒክ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በአንድ ቡድን የሚተኩሱበት ስኪት ተጀመረ። ወርቁን ለጣሊያን ያመጡት ዲያና ባኮሲና ጋብሪዬሌ ሮሴቲ ናቸው። ጋብሪዬሌ የዚያ የብሩኖ ልጅ ነው። አባትየው በሴት ተበልጦ ያነሳት መድረክ ላይ፣ ልጁ ከ32 ዓመት በኋላ ከሴት ጋር ጎን ለጎን ቆመ።