ፅንስ የማቋረጥ አገልግሎትና የተገልጋይዋ ፈቃድ
በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 በሕክምና ተቋም ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ከእነዚህም መካከል እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በቅርብ ዘመዶች ግንኙነት የተከሰተ መሆኑ፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ለአደጋ ማጋለጡ፣ እንዲሁም ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት መሆኑ ይገኙበታል።

አገልግሎቱ የሚሰጠው ተገልጋይዋ በቂ መረጃ አግኝታ በነፃ ፈቃዷ ስትስማማ ነው። ስለሆነም ባለሙያው፦

• ያሉትን አማራጮች፣ የሕክምናውን ሂደትና ሊያስከትል የሚችለውን ችግር በሚገባት ቋንቋ ያስረዳል፤
• ለጥያቄዎቿ መልስ ይሰጣል፤ ምስጢሯንም ይጠብቃል፤
• ያለ ማንም ጫና መወሰኗን ያረጋግጣል።

የባል ፈቃድ የእርሷን ፈቃድ አይተካም። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሐሳቧን መለወጥ ትችላለች።

እርግዝናው በመደፈር የተከሰተ ከሆነ፣ በአንቀጽ 552 መሠረት የተገልጋይዋ ቃል በቂ ማስረጃ ነው። የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ማስረጃ እንድታቀርብ አትገደድም።