በጌታው ጥላ ሥር፦ ዋላስ ሮኒ እና የማይልስ ዴቪስ ውርስ



ለአንድ ታላቅ ሙዚቀኛ ክብር የሚቀርብ ኮንሰርት ለታሪክ አጥኚ ምን ይነግረዋል? ጥያቄውን በትራምፔት ተጫዋቹ በዋላስ ሮኒ ሕይወት ልመረምረው እሻለሁ።

በ1983 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ለማይልስ ዴቪስ ክብር በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ወጣቱ ሮኒ ተጫወተ፤ ዴቪስም ከራሱ ትራምፔቶች አንዱን ሰጠው። ጁላይ 8 ቀን 1991 በስዊዘርላንዷ ሞንትሩ ከተማ ኩዊንሲ ጆንስ ኦርኬስትራውን ሲመራ፣ ወደ ቀድሞ ሥራዎቹ መመለስን ለረጅም ዘመን ሲሸሽ የኖረው ዴቪስ የጊል ኢቫንስን ቅንብሮች ዳግም ተጫወተ። ያን ጊዜ 65 ዓመቱ ነበር፤ ሮኒም ከጎኑ ቆሞ ሸክሙን ተጋራው። ዴቪስ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ዐረፈ።

በ1992 ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ሮን ካርተር እና ቶኒ ዊሊያምስ ለቀድሞ መሪያቸው መታሰቢያ ኮንሰርት ሲዞሩ የትራምፔቱን ስፍራ ለሮኒ ሰጡ። ከዚያ የተገኘውም አልበም ግራሚ አሸነፈ።

ተቺዎች ግን ሮኒን የዴቪስ ቅጂ አድርገው ቆጠሩት። እኔ ፍርዱን አልቀበለውም። የጃዝ ድምፅ፣ ትንፋሽና ዝምታ በኖታ ብቻ አይተላለፍም፤ ተማሪው ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ በጆሮው ይቀበለዋል። የሞንትሩ ቅጂም ይህንኑ ርክክብ መዝግቦልናል።

ሮኒ በ2020 በኮቪድ ሕይወቱ ሲያልፍ የራሱን በርካታ አልበሞች ትቶልናል። ተማሪዎቼ ዴቪስን ሳይፈልጉ እንዲያደምጧቸው አደራ እላለሁ።