የልቅ ወሲባዊ ምስሎች ሥነ ልቦናዊና ባህላዊ ተፅዕኖ፦ ለወላጆችና ለወጣቶች የቀረበ መረጃ

ፖርኖግራፊ ወይም ልቅ ወሲባዊ ምስል የሚባለው የወሲብ ስሜትን ለመቀስቀስ ታስቦ የሚዘጋጅ ፊልም፣ ፎቶግራፍ፣ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ነው። በአገራችን ቀደም ሲል በየሰፈሩ በነበሩ ቪዲዮ ቤቶች፣ ኋላም ሙዚቃና ፊልም በሚጭኑ ሱቆች በሜሞሪ ካርድ አማካይነት ይሰራጭ ነበር። በእነዚያ ቦታዎች ቢያንስ ገቢና ወጪውን የሚያይ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ምስሉ በእጅ ስልክ፣ በቴሌግራም ቡድንና በማኅበራዊ ሚዲያ በኩል፣ ብዙ ጊዜም ሳይፈለግ፣ ሕፃናት እጅ ይደርሳል።

በልጆችና በወጣቶች አእምሮ ላይ

ሳያስበው እንዲህ ያለ ምስል ያየ ልጅ ድንጋጤ፣ የማወቅ ጉጉትና ኀፍረት በአንድነት ሊሰሙት ይችላሉ። ያየውን ለማን እንደሚነግር ስለማያውቅ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ለወጣቶች ደግሞ ችግሩ ምስሉ አስተማሪ መሆኑ ነው። ፊልሙ በክፍያ የሚተወን፣ የተቆራረጠና የተቀጣጠለ ሥራ ሲሆን፣ በሁለት ሰዎች መካከል ሊኖር የሚገባው ፈቃድ መጠያየቅ፣ ስለ እርግዝናና ስለ አባላዘር በሽታ መነጋገር በውስጡ እምብዛም አይታይም። ሌላ ምንጭ የሌለው ወጣት የራሱንም ሆነ የትዳር ጓደኛውን አካል በዚያ መለካት ይጀምራል።

በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ የ20 ዓመታት ጥናቶች ዳሰሳ፣ በወጣቶች ዘንድ እነዚህን ምስሎች መመልከት ስለ ወንድና ሴት ሚና ከሚያዝ የተዛባ አመለካከት ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። ሆኖም የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ ጥናቶቹ አላረጋገጡም። አንድ ጊዜ ማየት ሕይወትን ያበላሻል የሚለው አባባል በማስረጃ አልተደገፈም፤ ልጆችንም ከማስፈራራት ያለፈ ጥቅም የለውም።

«ሱስ ሆኖብኛል» የሚሉ ተገልጋዮችን በተመለከተ

የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ፣ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ወሲባዊ ባህርይን እንደ አእምሮ ጤና ችግር አካትቶታል። የተመደበው ግን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር ሳይሆን ግፊትን መቆጣጠር ካለመቻል ችግሮች ጋር ነው። ለምርመራው ወሳኙ፣ ሰውየው ለረዥም ጊዜ፣ በአብዛኛው ለስድስት ወራትና ከዚያ በላይ፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻሉ እንዲሁም ሥራው፣ ትምህርቱ ወይም ትዳሩ መጎዳቱ ነው። ድርጅቱ ከሥነ ምግባር ወቀሳ ብቻ የመነጨ ጭንቀት ለምርመራው በቂ እንዳልሆነም በግልጽ አስቀምጧል።

ይህ ነጥብ ለእኛ ኅብረተሰብ የተለየ ክብደት አለው። አልፎ አልፎ ያየና በጸጸት የሚሠቃይ ሰው፣ ሌሊቱን ሁሉ እያየ ከሥራ ከሚቀር ሰው የተለየ እርዳታ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያውን የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ ብቻውን የተሸከመው ኀፍረት ነው። ለሁለቱም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይቻላል፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አንዱ ነው።

ነውርና ዝምታ

ስለ ወሲብ በግልጽ መናገር በአብዛኛው ቤተሰብ ዘንድ ነውር ነው። ቋንቋችንም ይህንኑ ያሳያል፤ ስለ ጾታ አካላት በአማርኛ ከሚነገሩት ቃላት ከፊሉ ስድብ፣ ከፊሉ የሐኪም ቤት ቃል ይመስላል፤ እናት ለልጇ ሳትሳቀቅ የምትናገረው ጥቂት ነው። ነውር ሰውን ከብልግና የሚጠብቅ ባህላዊ አጥር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን አጥሩ ወላጅን ዝም ሲያሰኝ ስልኩን ዝም አላሰኘውም። ጉዳቱም እኩል አይወርድም፦ ምስሏ ያለፈቃዷ የተሰራጨ ሴት ልጅ «ጉዷ ወጣ» ስትባል፣ ያሰራጨው ሰው ስሙ እንኳ ሳይነሳ ይቀራል። በይሉኝታ ምክንያት ወደ ፖሊስ የማትሄደውም እርሷ ነች።

ሕጉ ምን ይላል

የብልግና ጽሑፎችንና ምስሎችን ማሰራጨት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 እና ተከታዮቹ ያስቀጣል። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 መሠረት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን የሚያሳይ ወሲባዊ ምስል ማዘጋጀት፣ መሸጥ፣ ማሰራጨት ወይም ያለፈቃድ ይዞ መገኘት ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ ልጅን በመልእክት ወይም በምስል ለወሲብ ማግባባት ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 13 በኮምፒዩተር አማካይነት በሚሰራጭ ጽሑፍ ወይም ምስል ሰውን ማስፈራራትንም ይመለከታል።

አዋጁ ማሰራጨትንም ሆነ ይዞ መገኘትን እንደሚጨምር ልብ ይበሉ። «ወላጆች እንዲጠነቀቁ አጋሩ» በሚል የልጆችን ምስል የሚያስተላልፉ ወገኖች በቅን ልቦና ቢያደርጉትም ልጁን ዳግመኛ ይጎዳሉ፤ ራሳቸውንም ለተጠያቂነት ያጋልጣሉ።

ማስፈራሪያ የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ

ገንዘብ አይክፈሉ፤ የከፈለ ሰው ዳግመኛ ይጠየቃል። መልእክቶቹን አያጥፉ። የላኪውን የስልክ ቁጥር፣ የአካውንት ስምና ቀኑን በስክሪንሹት ያስቀምጡ። ምስሉ የልጅ ከሆነ ግን ሳይቀዱና ለማንም ሳያስተላልፉ ስልኩን ራሱን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ እንዲያነጋግርዎ ይጠይቁ። ብቻዎን መሄድ ከከበደዎ የሚያምኑትን ሰው ይዘው መቅረብ ይችላሉ።